ሳል የለቀቃት ልጅ

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ለቁንጥንጧ ልጄ፦

ደህና ነሽ ወይ? ትንሿ የልጅ ልጄስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ያስላታል።

በስልክ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ሦስት ቀን ሆነኝ። «አባዬ፣ ጋዜጣው ላይ የአንዲት እናት ደብዳቤ አነበብኩ። ፋብሪካው የአቧራ ማጣሪያ ካስገባ ወዲህ ልጇን ሳሉ ለቋታል። እንግዲያው ትንሿን ይዣት እመጣለሁ፤ ዕረፍቷን እናንተ ጋ ትጨርስ» አልሽኝ። እኔም «እሰይ» አልኩሽ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሲሚንቶ ፋብሪካው ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የኔ ናት። መሳቢያዋ ውስጥ አራት ዓይነት እስክሪብቶ አለ። ወረቀትም አለ፤ መስመር ያለው፣ የሌለው፣ ከደብተር የተገነጠለ። የሽማግሌ ደብዳቤ ከሆነ በግራ እጄ እጽፋለሁ። በሳምንት አሥራ ሁለት ደብዳቤ፣ በአሥራ ሁለት ሰው ስም። ሁሉም ወደ ጋዜጣው የአንባብያን ዓምድ ይሄዳሉ። አለቃዬ መጀመሪያ ያያቸዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መግለጫ ነው! ሰው የታለ? ትንሽ አማርርበት እንጂ። መንገዱን እርገም፣ ፋብሪካውን አመስግን።»

ልክ ነው። የሚያማርር ሰው ይታመናል።

የዚያችን እናት ደብዳቤ ስጀምር ግን ቃል አጣሁ። የማስረከቢያው ሰዓት ደርሷል። ያንቺን ልጅነት ጻፍኩ። ሲያስልሽ ትራሱን በጉልበትሽ ቆልፈሽ ትተኚ የነበረውን። እናትሽ ጆሮዋን ደረትሽ ላይ ለጥፋ «በይ ተንፍሺ፣ እኔ እቆጥርልሻለሁ» ትልሽ የነበረውን። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ይሄ ሰው ነው» አለ። ደስ አለኝ። አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ።

አንቺም ለዚህ ነው ያመንሽው። «እማዬን የሰማሁ መሰለኝ» ብለሽኝ የለ?

ማጣሪያው አልተገጠመም። ሳጥኑ እንደታሸገ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል፤ ዘበኞቹ ካርታ ይጫወቱበታል። ትንሿን አታምጫት። ትኬት ቆርጠሽም ከሆነ ይቅር። የእሷ ደረት ያንቺው ደረት ነው። ተቀየሚኝ፣ ግን አታምጫት።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ደብዳቤውን ከጋዜጣው ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ሴትዮዋን ትፈልጋታለች፤ ልጇን ምን እንዳጠጣቻት ልትጠይቃት። ሰሞኑን ቤት ለቤት ትዞራለች። ይኸው አሁን ገባች። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ስታርፍ ሰማኋት።

«ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለልጅሽ።»

«ሴትዮዋን አላገኘኋትም በልልኝ። ይገርምሃል፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አውቃታለሁ ይላል። አንዷማ ልጅቷን ስትሮጥ አየኋት ብላ ማለችልኝ። ቤቷን የሚያሳየኝ ነው የጠፋው። ነገ በታችኛው ሰፈር እሞክራለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

ይኸው፣ እንዳለችው ጻፍኩልሽ። ትንፋሻችሁን ይጠብቅልኝ።

አባትሽ