አርባ ደቂቃ፣ ሳይቆረጥ

ሰኞ፣ የካቲት 4
እንደ ሁልጊዜው። ሒሳብ፣ እንቅልፍ፣ ስፓኒሽ። ስፓኒሽ የምታስተምረን አክስቴ ናት፤ የእማዬ ታናሽ፣ ከኛው ጋር የምትኖረው። ቤት "አክስቴ"፣ ክፍል "ቲቸር"። ከተሳሳትኩ ጉዴ ይፈላል።
እራት ላይ ለስፓኒሽ አስተማሪዎች በተከፈተው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ላመለክት ነው አለችን። አባዬ፣ የመጀመሪያውን መቼ በልተሽ ጨረስሽው አላት። ስታስተምር የሚያሳይ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። አርባ ደቂቃ፣ ሳይቆረጥ። የመረጠችው ደግሞ የኛን ክፍል... ምስኪን። ሌላ ክፍል ጠፍቶ ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ተቀረጸ። ስልኳን ወደኛ አዙራ ሰሌዳው ጥግ አቆመችው። እሷ መነጽሯን ከፍ ባደረገች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ የሌለ መነጽር ከፍ ያደርጋል። ሐሳቡ የማን ነው? የማን ይሆናል... ወደ ሰሌዳው ዞራ ስለነበር አላየችንም። ሬዲዮ (ልጁን እንዲህ የምንለው አፉ ስለማይዘጋ ነው) በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ።

ዓርብ፣ የካቲት 8
ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ሳሎን ቁጭ ብላ አየችው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ገልብጣ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።
"ይሄን ያህል አሰልችቻቸዋለሁ?" አለቻት እማዬን።
እማዬ፣ ልጆች ናቸው ተያቸው አለች። አክስቴ ግን ማመልከቱንም ልተወው ነው...
እኔ? ብስኩት አፌ ውስጥ ነበር። ሌላ ጨመርኩበት። ለምን አልተናገርኩም? ሌላ ጊዜ ተዘግቶ የማያውቅ አፍ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 12
እማዬ ለምና ለምና ድጋሚ እንድትቀርጽ አደረገቻት። እኔም በበኩሌ ክፍሉን አስጠነቀቅሁ። የሳቀ፣ ያንሾካሾከ፣ የተቁነጠነጠ ጠቡ ከኔ ጋር ነው። ሬዲዮን፣ ብታስነጥስ አለቀልህ አልኩት። ጸጥ... መቃብር ይሻላል። እሷ ትጠይቃለች፣ እኛ ጠረጴዛችንን እናያለን።
ላከችው። ጥፋቴን ያካካስኩ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4
መልሱ መጣ። አልተቀበሏትም። ቆማ ነው ያነበበችልን። ተማሪዎቹ መምህሯን ይፈራሉ፣ አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም ይላል።
"እኔን?" አለች። "እኔን ነው የሚፈሩት?"
ሳቀች። አባዬ አብሯት ሊስቅ ሲል እንባዋን አይቶ አፉን ያዘ።
ክፍሏ ድረስ ተከትያት ነገርኳት። መነጽሩንም፣ ዛቻውንም።
"ሁለቱንም አንቺ?"
"አዎ።"
"ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"
"ፈራሁሽ።"
"እንግዲያው እውነታቸውን ነው" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ምነው በወረወረችው...

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ቅዳሜና እሑድ አላናገረችኝም። ጨው አቀብዪኝ እንኳ በእማዬ በኩል።
ዛሬ ክፍል ውስጥ ጠየቀች። ሁሉም አሁንም ጠረጴዛውን ያያል። እጄን አወጣሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ተሳሳትኩ። ሬዲዮ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "እንደገና" አለችኝ። አሁንም ስህተት። "እንደገና።"
ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ እቀመጥ ነበር። ፊቴ እንደጋለ ቆሜ ደገምኩት።