መምህርታችንን በሽልማት ስለወሰዱብን

ለተከበሩ የወረዳችን የትምህርት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ የጉና ውርጭ የቢሮዎን መጋረጃ አልፎ እንዳይደርስብዎ እመኛለሁ። እኔ ዓለሚቱ እባላለሁ፤ ከዐረብ አገር ተመላሽ ነኝ፤ ልጄ ፋሲካ በአጸደ ሕፃናት ትማራለች። የልጄ መምህርት ብርነሽ ሥራዋን ለቅቃለችና፣ ለዚህ የደከሙትን ድካም ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ሆኖብኝ ነው የምጽፍልዎ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ብርነሽ ደብረ ታቦር ተምራ ስትመጣ ሕፃናቱን ልያዝ ብላ በፈቃዷ ጠየቀችዎ፤ እርስዎም በደግነትዎ ምን አጥፍታ እንደተቀጣች ጠየቋት። አይፈረድብዎም፤ በእኛ ትምህርት ቤት ወደ ሕፃናት ክፍል የሚወርደው ከርእሰ መምህሩ ጋር የተጣላ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባልን ላደግን ለእኛ፣ ልጅ የሚያስተምርም ከመምህር ባይቆጠር ምን ይገርማል።

ሁለተኛ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳቦ እንድትቆርስና ሻይ እንድታድል ከክፍሏ ስላስጠሯት አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት ሕፃናቱን የሚይዙት ዘበኛው ጋሽ ሙላቴ ነበሩ፤ ዱላቸውን ደጅ አስቀምጠው ይገቡ እንደነበር ልመሰክርላቸው እወዳለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ንዴት ይዞኛልና ይታገሡኝ። ከስደት ስመለስ ልጄ አላወቀችኝም፤ ከእናቴ ጀርባ ተሸጉጣ እትዬ ትለኝ ነበር። በየቀኑ መውጫ ላይ እጇን በእጄ እያስያዘች፣ እየዘፈነችልን፣ ቀስ በቀስ እማዬ ያስባለቻት ብርነሽ ናት። ይህን ሰምተው ኖሮ፣ እንዲህ ያለች ጎበዝ በሕፃናት ላይ መባከን የለባትም ብለው ለሽልማት ወደ ሰባተኛ ክፍል አዛወሯት። ከልጆቹ አልለይም ብትል ሽልማት ናቀች ተባለች፤ እሷም ለቀቀች።

ባለፈው ሰንበት ቤቴ መጥታ ስለ ዐረብ አገር ጠየቀችኝ። እዚያ ልጅ ማሳደግ የሚችል ሰው በብርቱ ይፈለጋል፤ የሰው ልጅ አሳድጌ የመጣሁ ነኝና መዋሸት አልቻልሁም። አትሂጂ ልላት ፈልጌ፣ ለምን ትለኛለች ብዬ ቡና ቀዳሁላት። ምነው እርስዎ አጠገቤ ሆነው አንድ ምክንያት ባቀበሉኝ! ፓስፖርቷ ወጥቷል።

እንግዲህ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ስብሰባዎ አይታጎል። የእርስዎ ልጆች በሚማሩበት በባሕር ዳሩ የግል ትምህርት ቤትም፣ መምህራኑን የሚሸልም ኃላፊ እግዚአብሔር አያምጣብዎ።

ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣
ዓለሚቱ በላይነህ፣ የፋሲካ እናት

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ሕፃናቱ አዲስ ጨዋታ አውጥተዋል። አንዷ መምህርት ትሆንና ሁሉንም እየዞረች ስማ፣ ቦርሳዋን አንግታ ትሄዳለች፤ ጨዋታው በዚያው ያልቃል። ሁሉም የሚጣሉት ሂያጇን ለመሆን ነው፤ ቀሪ ልሁን ያለ ልጅ እስካሁን አልተገኘም።