አገጭ ሥር የተቀባው ነጭ

ወንድሜ፣

የዛሬ ስድስት ዓመት ይሁን ሰባት፣ ከግድግዳው ወዲያ ለእንግዳህ «የሱ ምስሎች እኮ ሬሳ ናቸው፤ ነፍስ የምዘራባቸው እኔ ነኝ» ስትል ሰምቻለሁ። እንግዳው የሳቀ መሰለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ትናንት ደግሞ ሥራችንን ለሚሸጥልን ባለሱቅ የማስረክባቸውን አሥራ ሁለት የአሻንጉሊት ወታደሮች ሳትጠይቀኝ «አሳመርክልኝ»። አውራ ጣት የምታክል ምስል ላይ ነጩን አገጭ ሥር ትለቀልቀዋለህ? ብርሃን እኮ ከላይ ነው የሚወርደው! አገጭ ሥር ቀጠን ያለ ቡናማ ጥላ፣ ግንባርና አፍንጫ ላይ ፍካት። ስንቴ ነገርኩህ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት አልደረቁም፤
አትንካቸው።
ቁልፉን ጎረቤት ትቼልሃለሁ።

ለባለሱቁ ደውዬ አገጭ ሥር ያለው ነጭ የማን እጅ እንደሆነ ነገርኩት። እያጉረመረመም ቢሆን፣ ከእንግዲህ የእኔንና የአንተን በየስማችን ለየብቻ ሊደረድር ተስማምቷል።