ለፎቶ ብዬ ያጨድኩት ሳር

ለእህቴ ለገለቴ፣ ካለሽበት ኩዌት ይድረስ።

አካም ጅርታ፣ ነጋ ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ያንን ሁሉ ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ነው የምትውዪው? እንቅልፍስ ትተኛለሽ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እዚህ ሱሉልታ ነሐሴው አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጭጋጉ ረፋድ ላይ እንኳ አልገለጥ ብሎ ሚኒባሱን የምነዳው መብራት አብርቼ ነው። ከዚህ ብርድ ግማሹን ልኬልሽ ካንቺ ሙቀት ግማሹን ብትልኪልን ሁለታችንም በተገላገልን ነበር። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን ይሉታል ትዪ ይሆናል። እሁድ እሁድ ስትደውዪ ልነግርሽ እጀምርና ምላሴ ይተሳሰራል፤ እማዬም አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። የባለሱቁ የዛኪር እህት ሲድራ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። የዝይዋ ነገር ነው።

ካሜራውን የላክሽልኝ ጊዜ የሚበር ነገር ሁሉ አንሳልኝ አልሽኝ፤ እኔም ይኸው ሥራ የሌለኝን ቀን ሁሉ ጨፌ ለጨፌ ስንከራተት እውላለሁ። ሄመን ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ወፎቹን እያለች ታሾፍብኛለች፤ ሚስት ሆና እውነቷን ነው። ፎቶ ስልክልሽ ስሙን ሳልጽፍ ነው፤ አንቺ ከርግብ በቀር ምንም ከማይታይበት በረንዳ ላይ ሆነሽ የአገርሽን ወፍ አንድ በአንድ ትለዪዋለሽ። አንዴ ብቻ ነው የተሳሳትሽው፣ እሱንም እስከ ዛሬ አላመንሽም። ሐምሌ ላይ ከቤታችን ሥር ባለው ጨፌ ዝይዋ እንቁላል መታቀፏን ስነግርሽ በስልክ እልል ያልሽው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያቺ ክንፏ ላይ ውሃ ሰማያዊ ያለባት፣ መጽሐፉ ብሉ ዊንግድ ጉስ የሚላት፣ ከአገራችን ሌላ የትም የማትገኘው። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ጨፌ በአፈር ተደልድሎ ቤት እየተሠራበት ስለሆነ ዘንድሮ ወደኛ የመጡት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያውን ፎቶ ያየሽ ዕለት እኔ የሚታየኝ ሳር ነው፣ ዝይዋ የት አለች ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነትሽን ነበር፤ አናቷ ብቻ ብቅ ብሎ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ይህን የማነሳው ጥፋቱን ወዳንቺ ላስጠጋ አይደለም። አንቺ ቀለድሽ፣ ማጭዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እኛ ሰፈር ድርቆሽ ሲታጨድ ወፍ የታቀፈችበትን ሳር ዙሪያውን ትተን እንደምናልፍ ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ኦቦ ጎበና እንኳ፣ ለአንዲት እስር ሳር የሚጣሉት ሰውዬ፣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። አምና ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ለመምራት ስሠለጥንም ጎጆ አትንኩ ሲሉን ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝይዋ ለመጋጥ ወረድ እስክትል ጠብቄ ከጎጆዋ ፊት ያለውን ሳር አጨድኩት። ብዙ አይደለም፣ እንደ መስኮት ነው። ለገለቴ ትታያት ብዬ። ዝይዋ ተመልሳ መጣችና ትንሽ አመንትታ እንቁላሎቿ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀና ብላም ወደ እኔ አየች፤ ፀሐይም ልክ ያኔ ወጣችልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ደስታዬን ብታዪ! በጭቃው ውስጥ እየዘለልኩ ነው ቤት የገባሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ስወርድ የቁራዎች ጩኸት ከሩቅ ሰማሁ። በከፈትኩላቸው መስኮት ነው የገቡት። የቀረው የተሰባበረ ቅርፊት ብቻ ነው። ሁለቱ ዝይዎች ውሃው ዳር ቆመዋል፤ አይጮሁም፣ አይሄዱም። ወይኔ ገለቴ፣ እጄን በቆረጠው አልኩ። ያጨድኩትን ሳር ለቃቅሜ መልሼ ላቆመው ሞከርኩ፤ አይ ሞኝነት! ኦቦ ጎበና ላሞቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ሳሩን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰላምታቸውን ብቻ ሰጥተውኝ ሄዱ።

ቤት እንደገባሁ እማዬ ተፈለፈሉ ወይ አለችኝ። ፊቷን አይቼ አዎ፣ ተፈለፈሉ አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እሷም ደስታዋን አካፈለችሽ፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የጫጩቶቹን ፎቶ ላክ ትዪኛለሽ። የቡራዩው ጓደኛዬ ሌንጮ ገፈርሳ ውሃ ዳር ያነሳቸው የዝይ ጫጩቶች አሉት፤ እነዚህን ላክላት፣ ጫጩት ከጫጩት በምን ይለያል አለኝ። ተቀብዬው ልልክልሽ ጣቴን አንስቼ ነበር። ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ ዳር ዳሩን አይተሽ ይሄ የኛ ጨፌ አይደለም ትዪኛለሽ። ባታውቂውማ ይብስ ነበር። የሌላ ጨፌ ጫጩት አልጋሽ ራስጌ ለጥፈሽ የቤቴ ናቸው እያልሽ ስትተኚ እኔ እዚህ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ስለዚህ ያችኑ ፎቶ አሳጥቤ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። ሰማያዊው ክንፏ ይታያል፣ እንቁላሎቹም ከሥሯ ይታያሉ። ካስጠላሽ ቅደጂው፣ አልቀየምሽም። እኔን የሚያቃጥለኝ ማማሩ ነው። ከሰው ሁሉ የምትሸሽ ዝይ እኔን ለምዳኝ ነበር። ካሜራውን አልተውኩትም፤ አሁን ግን ከሩቅ ነው የማነሳው፣ ሳር ቢጋርደውም ይጋርደው።

ሄመን በጣም ትናፍቂኛለሽ፣ ወንድምሽን ብዙ አትቆጪው፣ ራሱን ቆጥቶ ጨርሷል ብላሻለች። ኦቦ ጎበና ልጄ መቼ ነው የምትገባው እያሉ ይጠይቁሻል። ሌንጮም ሰላም ብሎሻል። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። በየጠዋቱ ከገብሱ አንድ እፍኝ ታስይዘኝና ለጫጩቶቹ በትንላቸው፣ ይሄ ብርድ ይከብዳቸዋል ትለኛለች። ተቀብዬ እወርዳለሁ። እበትነዋለሁም፤ ሁለቱ ትልልቆቹ መጥተው ይለቅሙታል። ስመለስ አደጉ ወይ ትለኛለች፣ አደጉ እላታለሁ። እሁድ ስትደውዪ ላንቺም አደጉ ብላ ታበስርሻለች፤ የምትመልሺላትን አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ጃለታ
ሱሉልታ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.