ገደሉን የናደው ወንድሜ መሆኑን ስላሳወቁን

ለክቡር ዶን ኤሊሴዮ ባርዳሌስ
የላይኛው ሜዳ የመስኖ ቦርድ ሊቀ መንበር

ከቻልኬ ሸለቆ፣ አሬኪፓ፣ ፔሩ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጠጡት ጽጌረዳዎች በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኛ ጤና ቢጠይቁ፣ ከገደሉ ሥር የምንኖር ሰዎች ከአንዱ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ኔፕታሊ ቾኬዋንካ እባላለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የዊልበር ቾኬዋንካ ታናሽ ወንድም ነኝ። ዊልበርን በስሙ ላያስታውሱት ይችላሉ። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከሸለቆው ወደ ሜዳው ዳገቱን እየወጣ የቦርድዎን የቦይ በሮች ይከፍትና ይዘጋ የነበረው፣ በሪፖርትዎ ገጽ ሦስት ላይ “ሟቹ ሠራተኛ” የተባለው እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ ሲገባኝ በገበያው ግድግዳ ላይ በመለጠፌ አይቀየሙኝ። የእርስዎም ሪፖርት የተለጠፈው እዚያው ነው፤ እናቴ አይብ የምትሸጥበት ቦታ ደግሞ ከሪፖርቱ ሁለት እርምጃ አይርቅም። እሷ ማንበብ ስለማትችል፣ ሰዎች ቆመው ካነበቡ በኋላ ዞረው እሷን ሲያዩ ምን እንደተጻፈ ከፊታቸው ነው የተረዳችው። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣችም።

ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ “ናዳው የተፈጥሮ ክስተት ሲሆን፣ የደረሰውም የበር ተቆጣጣሪው አራተኛውን በር በቸልተኝነት ክፍት ትቶ በመሄዱ ነው።” ይህን ለቋንቋ መምህራችን ባሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ልጄ፣ ወይ ተፈጥሮ ነው ወይ ወንድምህ ነው፤ ሁለቱ መቼ ተገናኝተው ተማከሩ?” አሉኝ። ቦርድዎ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሱን ሁለት ጊዜ ነጻ ማውጣት የቻለ ተቋም በመሆኑ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

፩ኛ) ስለ ደንባችሁ። ተራው ደርሶ ውሃውን በሙሉ ያልወሰደ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ተራው እንዲቀነስበት የሚያዝዘው ደንብ ለውሃ ያላችሁን ክብር ያሳያል። በዕረፍቴ ቀን ዊልበርን ተከትዬ ሜዳው ላይ ወጥቼ፣ ዶኛ ግሪሴልዳ የምትባል ሽንኩርት ገበሬ ቦይዋን ሰብል ወደሌለበት አሸዋ ስታዞር አይቻለሁ።

“እትዬ፣ ባዶ መሬት እኮ ነው የሚያጠጡት” አላት ዊልበር።

“አውቃለሁ ዊልበርዬ። ሽንኩርቴ ጠግቧል፤ ያልጠገበው ቦርዱ ነው። ዘንድሮ አሸዋውን ካላጠጣሁ ከርሞ ሽንኩርቱ ይጠማላ! ክፈተው በቃ፣ አታድርቀኝ።”

በእሷ አልፈርድም። ከደጋ መጥታ ድንጋይ ለቅማ ያቀናችው አራት ሄክታር መሬት ነው ያላት፤ ደንቡን የጻፈችውም እሷ አይደለችም። የጻፉት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው።

፪ኛ) ስለ ትምህርታችሁ። አካባቢያችን ዝናብ የማያውቃት በረሃ እንደሆነች ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ገደሉ ከአያቶቻችን በፊት ጀምሮ የቆመው ደረቅ ስለነበረ ነው። የስኳር ክምርም ሻይ እስኪፈስበት ድረስ ይቆማል። እናንተ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ በአሸዋው ሰርጎ ይወርድና፣ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሄዶ ሄዶ በገደሉ ፊት፣ ከቤታችን ጀርባ ይወጣል። የመሬቱን ጨው አጥቦ ስለሚመጣ ጥጃ እንኳ ቀምሶ ይተፋዋል፤ የእናቴንም የከብት መኖ፣ አልፋልፋውን፣ ቢጫ ያደረገው እሱ ነው። ዊልበር ይህንን ለኢንጂነር ኦቪዬዶ፣ ለአለቃው፣ ሲያስረዳ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

“አንተ ልጅ፣” አሉት ኢንጂነሩ፣ “ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ሲሄድ የት አይተሃል?”

“እኛ ጓሮ።”

የጉልበት ሠራተኞቹ ሳቁ። ኢንጂነሩ አልሳቁም። “ጓሮህን ዝጋ እንግዲህ!” ብለውት መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በዚህ አጋጣሚ በትምህርት ቤት የተማርነው ሁሉ ስህተት መሆኑን ለጂኦግራፊ መምህራችን እንዳሳውቅ ይፈቀድልኝ።

በአፋፉ ላይ ስለተከፈተው ስንጥቅም አልተነገረንም እንዳይሉ፣ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ፣ በአፍ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ተነግሯችኋል። ጥር ላይ የዊልበር ጣት ይገባበት ነበር። ፋሲካ ላይ ክንዱ ገባ። ሰኔ ላይ የዶኛ ግሪሴልዳ ፍየል ገባችና አልወጣችም። ቦርድዎ ለፍየሏ የሐዘን መግለጫ ልኳል፤ አራተኛውን በር ግን አልዘጋም።

፫ኛ) ይህችኛዋ ቁጥር ለእኔ ከበድ ትላለች፤ የተከበረው አጻጻፌ ቢሰነጠቅ ይታገሡኝ።

ገደሉ በወረደበት ቅዳሜ ዊልበር አራተኛውን በር ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከፈተ። የከፈተው ዓርብ ዕለት “አልከፍትም” ሲል ኢንጂነሩ፣ “ክፈት ብያለሁ ክፈት! አንተ ባትከፍት የሚከፍት ሞልቷል!” ስላሉት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስንጥቁ ሲሰፋ አየና ቁልቁል እየሮጠ መጣ። ቢጫ ሰደርያው ከሩቅ ይታየን ነበር፤ ድምፁም ቀድሞት ይደርስ ነበር፤ “ውጡ! ዕቃ አታንሱ፣ ውጡ!” ይል ነበር። ከአራት ቤቶች አሥራ ሰባት ሰው አስወጣ። እኔ ጎረቤታችንን ዶን ፎርቱናቶን አዝዬ ወደ ወንዙ ስሮጥ፣ ሽማግሌው በጀርባዬ ሆነው፣ “ቀስ በል አንተ በቅሎ፣ አጥንቴን ሰበርከው!” እያሉ ይራገሙኝ ነበር። ላሞቹም ወጡ። ጥጃዋ ቀረች፤ ዊልበር ሊያመጣት ዞረ።

“ተው ልጄ! ጥጃ ይተካል!” አለች እናቴ።

“መጣሁ እማ፣ አንዴ።”

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ገደሉ ሲወርድ እንደሚወራው አልጮኸም፤ ከከረጢት የሚዘረገፍ እህል ይመስል ነበር። ከዚያ አቧራ። ከዚያ እናቴ፣ “አንዴ አለኝ እኮ፣ አንዴ አለኝ” ትል ነበር።

ሪፖርትዎ ስለሚያውቀው ስለ በሩ ላብራራ። በቦርድዎ መርሐ ግብር መሠረት አራተኛው በር የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነው። ዊልበር ግን ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከአፈር ሥር ስለነበር በሰዓቱ ሥራው ላይ መገኘት አልቻለም። ስለ ቸልተኝነቱም ቤተሰቡ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃል።

ኤክስካቫተራችሁን እንድትልኩልን ስንለምን፣ ከቦዩ ውስጥ አሸዋ በማውጣት ሥራ ተይዟል ተባልን። እውነት ነው፤ ውሃው በሦስተኛው ቀን ወደ ሜዳው ተመልሷል። ወንድሜን ግን በአካፋ ፈልገን ያገኘነው በዘጠነኛው ቀን ነው። ያንን ቢጫ ሰደርያ ስትሰጡት ሠራተኛው ከሩቅ እንዲታይ ነው ብላችሁት ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቆመን አላየነውም። ጥጃዋን አቅፏት ነበር።

፬ኛ) አራተኛ ምስጋና ነበረኝ፣ ስለ ላካችሁልን ሁለት ጆንያ ሽንኩርት። እናቴ አልቅሳ ስለጨረሰች ሳይነካ ተቀምጧል።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የወንድሜ ጥፋት የተባለው ከዚያ ወረቀት ይውጣ፤ እናቴም ቀና ብላ አይቧን ትሽጥ። አራተኛው በርም ይዘጋ፤ ከስንጥቁ ማዶ ያለው የገደሉ ግማሽ ገና አልወረደም፣ ከሥሩም አሥራ አንድ ቤት አለ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጠው እንዲፈጽሙልኝ እንዳልጠየቅሁ ልብ ይበሉልኝ፤ ቦርድዎ ሲመርጥ ምን እንደሚመርጥ እናውቃለንና።

ውሃ ወደ ጎን እንደማይሄድ ያረጋገጠልንን እውቀትዎን፣ የሞተ ሰው ሥራውን በሰዓቱ እንዲፈጽም የሚጠብቀውን ጽኑ አመራርዎን፣ እንዲሁም እጅ ሳይንቀጠቀጥበት ያረፈውን ያማረ ፊርማዎን ዘወትር እያደነቅሁ፣ ከእግርዎ ሥር ማለትም ከገደልዎ ሥር ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ኔፕታሊ ቾኬዋንካ
የሟቹ ሠራተኛ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ መልእክተኛዎ መጥቶ፣ ቦርዱ ለቤተሰባችን ካለው ርኅራኄ የተነሳ የዊልበርን ሥራ ለእኔ እንደሰጠኝ የሚገልጽ ደብዳቤና የበሮቹን ቁልፍ አስረክቦኛል። በታላቅ ደስታ ተቀብያለሁ፤ ዛሬውኑም ሥራ ጀምሬ አራተኛውን በር ዘግቼ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ከእናቴ ጋር ነው። ለመውሰድ ሲመጡ ሌላ ሰው አይላኩ፣ ራስዎ ይምጡ፤ መንገዱ በገደሉ ሥር ነው የሚያልፈው፣ ግን አይሥጉ። በሪፖርትዎ መሠረት ገደሉን የሚንደው ዊልበር ነበር፤ እሱን ደግሞ ቀብረነዋል።