ልጆቿን በአፏ የያዘች ዓሣ

ሰኔ ፱ ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለልጄ፣ ለዓይኔ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጽሕፈቱን ስታዪ ክው እንደምትዪ አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስትጽፍልሽ የኖረችው እናትሽ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ እንጂ፣ አንድ ቃል ጨምሪልኝ ብያት አላውቅም።

ሐይቁ እንዳየሽው አይደለም። እምቦጭ አረሙ ጀልባ የምናስርበትን አልፎ ዓሣ መሸጫው ድረስ መጥቷል፤ ጉማሬዎቹም ወደ ማዶ ተሻግረዋል። አንቺ ትሠሪበት ከነበረው የምርምር ጣቢያ በታች ያለው ደንገል ብቻ ነው ለምለም የቀረው።

ወሬ ማስረዘሜ ነው፤ መናገሩ ከብዶኝ ነው።

እናትሽ ከመጋቢት ጀምሮ ታማ ነበር። እንዳትነግራት ብላ አስማለችኝ። እህል አልወርድ ብሏት ሰንብቶ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ቀና አለችና የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ ባገኝ እጠጣ ነበር አለችኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ወረድኩ። ለካስ ዓሣ የሚራባበት፣ ማስገር የሚከለከልበት ወር ነው፤ መሸጫው ባዶ ነው። አሮጌ መረቤን ይዤ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። የዛሬ አራት ዓመት አንቺ ለጥበቃዎቹ ያመለከትሽብኝ፣ እኔም ከደጄ ውጪልኝ ያልኩሽ፣ እዚያው ቦታ በማስገሬ ነበር።

ስንት ቆይቼ አንዲት ቆሮሶ ያዝኩ። ከሲታ ብትሆንም ለአንድ ሰው ትበቃለች። ከመረቡ ሳላቅቃት አፏን ከፈተች፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ልጆች ጀልባው ወለል ላይ ፈሰሱ። ሳትበላ በአፏ ይዛ ታሳድጋቸዋለች ስትዪኝ፣ ደግሞ ዓሣ ልታስተምሪኝ ነው ብዬ የሳቅሁብሽ ትዝ አለኝ።

እሷን ለቀቅኳት። ልጆቿንም በጣሳ እየለቀምኩ ከኋላዋ አፈሰስኳቸው።

ባዶ እጄን ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ለእናትሽ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "ደግ አደረግህ። ይህን ለልጅህ አንተው ራስህ ጻፍላት" አለችኝ።

በማግስቱ አንድ ሾፌር ከከተማ ዓሣ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። እሱ ሳይደርስ አረፈች። ሐሙስ ቀበርናት። ጎረቤቶች በስልክ እንንገራት ሲሉ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ ይከፋሽ ይሆናል።

ልጄ፣ ሆዴን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር ያንን አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ እጄ ከገባ በኋላ ነሳኋት። ለዓሣዋ ብዬ ይሁን ለአንቺ ብዬ፣ እኔም አላውቀውም።

ፈጣሪ ለብቻሽ አያስለቅስሽ፤ እንባሽን የሚያብስልሽ ሰው አጠገብሽ ያኑርልሽ። የሄድሽበት አገር ይመችሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ያቺ ዓሣ፣ አንዴ ከተፋቻቸው በኋላ መልሳ ትሰበስባቸዋለች? ወይስ በዚያው ተለያይተው ይቀራሉ? በአንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

አባትሽ