የማዳም ሶላንዥ መርዶ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ነሽልኝ? ልጆችሽስ? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። አባባስ? ሳሉ ተሻላቸው? እባክሽ «ደህና ናቸው» ብለሽ ብቻ አትለፊኝ። በስልክ ስጠይቅሽ ኔትወርኩ እየመረጠ እዚያች ጥያቄ ላይ ይቆረጣል። ለዚህ ነው በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ የምልክልሽ።

ዛሬ የሆነብኝን ልንገርሽ።

የማዳም ሶላንዥን ነገር ታውቂያለሽ፣ እዚህ ኦክላንድ ኮረብታው ላይ የምንከባከባቸው ፈረንሳዊት አሮጊት። ሊዮን በሚባል ከተማ ከልብስ አጣቢ ቤት ተወልደው፣ በድምፃቸው ፓሪስ ገብተው፣ ዓለምን የዞሩ የኦፔራ ዘፋኝ ናቸው። ኦፔራ ያው ነግሬሻለሁ፣ ድራማው ሁሉ በዜማ ነው፤ ሲጣሉም ሲሞቱም እየዘፈኑ! የሳቸው ደግሞ ቀጭኑ፣ ላይ የሚወጣው የሴት ድምፅ ነው፤ ሶፕራኖ ይሉታል። ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላ ነበር አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ሊዘፍኑ መጥተው አንድ አሜሪካዊ አገቡና በዚያው ቀሩ። ባልየው ሞቱ፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ ድምፁም ከዕድሜ ጋር ሲደክም መድረኩን ትተው ማስተማር ያዙ። የቀሯቸው ሊዮን ያሉት እህታቸው ኦዴት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን የመድረክ ቀሚስ ከሆቴል መጋረጃ የሰፉላቸው ኦዴት ናቸው። እሑድ እሑድ ኮል ያደርጋሉ፣ ማዳም በስፒከር አንድ ዜማ ይለቁላቸዋል፣ ኦዴት ደግሞ እላይ ስትወጪ ቀጠነብሽ እያሉ ይተቻሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨበጨቡ ሴትዮ እህታቸው ፊት ተማሪ ይሆናሉ። ልክ እኔ አንቺ ፊት እንደምሆነው።

ያለፈው ማክሰኞ ማዳም ተኝተው ስልካቸው ጮኸ፣ አነሳሁት። የኦዴት ልጅ ናት። እናቴ አርፋለች፣ ለአክስቴ ንገሪልኝ አለችኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ዝም! እንዴት ብዬ ብቻዬን፣ ሻይ እያቀረብኩ፣ እህትዎ ሞቱ ልበላቸው? እኛ ዘንድ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል? ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተቀምጦ ነው መርዶ የሚነገረው። በዚያ ላይ ዛሬ ሳን ሆዜ የድሮ ተማሪዎቻቸው ለክብራቸው ዝግጅት አዘጋጅተው፣ ከስንት ዓመት በኋላ መድረክ ሊወጡ ነበር። ይዝፈኑና እሑድ በጠዋት እናረዳቸዋለን ብዬ ሙጠሊብን ለመንኩት፤ የአጎታችን ልጅ መቼም ለለቅሶ ቀዳሚ ነው። ዘመዶቻችንን፣ ዓፊፋን ከዚያው ከሳን ሆዜ፣ ራቢዓን ከፕሌዘንተን ይዞ ሊመጣ ተስማማ። ብቻ መልሶ፣ ለሳቸው ነው? አለኝ። ለማን ሊሆን ኖሯል ብዬ ሳቅሁበት።

ሳምንቱን ሙሉ ስልካቸውን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ኦዴት ተኝተዋል እላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል እላለሁ፣ ስልካቸው ተበላሽቷል እላለሁ። እንዲህ የምዋሽ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ዛሬ ረፋድ ዘፈኑልሽ። መድረክ ላይ ወጥተው፣ ይሄ ለእህቴ ነው፣ ቪዲዮውን አይታ እስክትተቸኝ አላርፍም ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ውሃቸውን እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን አንዲቷን ከፍ ያለች ድምፅ ያዟት፣ አልለቀቋትም። አጠገቤ የቆመች ልጅ ዘፈኑ የነካኝ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ።

ስንመለስ ሙጠሊብ እየነዳ ሳለ ማዳም እጃቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ሰደው ስልካቸውን አወጡ። የት እንዳለ ለካ ያውቁ ኖሯል! ደወሉ። የኦዴት ልጅ አነሳችና ቀብሩ ትናንት እንደነበር ነገረቻቸው። ጮኸው ቢያለቅሱ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስልኩን ዘግተው ዞር አሉና መቼ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፣ የአገራችንን ወግም አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ለሞተች እህት የሚዘፈነው ሌላ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ ትሰማኛለች ብዬ ዘፈንኩ፤ ሐዘኑ የኔ ነው፣ ማን አስቀምጪልኝ አለሽ አሉኝ። ሥራውን ልቀቂ እንኳ አላሉኝም። እቤት ስንገባ ክፍላቸውን ዘጉ።

እታለም፣ ከዚያች ሰዓት ወዲህ የራሴ ነገር ነው የሚያምሰኝ። አባባ ተኝተዋል ያልሽኝ፣ መስጊድ ሄደዋል ያልሽኝ፣ ስልካቸው ውሃ ገባበት ያልሽኝ። ሁሉንም እኮ እኔው ለማዳም ብያቸዋለሁ! ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ካሜራውን ወደ ግድግዳው ስታዞሪው የድንኳን ጫፍ አይቻለሁ። የጎረቤት ሰርግ ነው አልሽኝ። እሺ፣ ሰርግ ይሁን። ታዲያ እልልታ እንኳ የለውም እንዴ?

ሙጠሊብ በር ላይ ሲያወርደን፣ በቃ ሰምተዋል፣ ነገ አትድከሙ አልኩት። መሪውን እያየ፣ እንመጣለን አለኝ። ለምን? ብዬ ብጠይቀው፣ ራቢዓ ከሥራ አስፈቅዳለች፣ ዓፊፋም ቁርስ ይዛ ትመጣለች፣ በማለዳ እንመጣለን፣ አንቺ ብቻ የትም እንዳትሄጂ ብሎኝ ነዳው።

እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከነሱ በፊት ካንቺ ልስማው። ወይም ተቆጪኝ፣ ያበድሽ በይኝ፣ አባባን ስልኩ አጠገብ አምጥተሽ አንዴ ያስሉልኝ። ሳላቸው ይበቃኛል።

አላህ አንቺን ከክፉ ይሰውርልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ዕድሜዋን ያርዝምልን። የአባባን ምርቃት ልጽፍ ብዬ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ላሉትና ለሌሉት የሚባለው አንድ አይደለም። ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ፣ አንቺ ሙዪው።

 

የምትሳሳልሽ ታናሽ እህትሽ፣
ከኦክላንድ